የወታደር ደም ስለ ማን ይናገራል?

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ስለ ኤችአይቪ ሲወራ አንድ ነገር ሳይባል አይቀርም ነበር። «ወታደር ነው ያመጣው።» ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከ450,000 የማያንስ ሰው ወደየቀዬው ተመልሷል። በሽታውም ጎልቶ የታየው ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ሁለቱን ማገናኘት ለማንም ቀላል ነበር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጋሼ የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ብቻ፣ ባሳላቸው ቁጥር ሰው ይጠቋቆምባቸዋል። እሳቸው ግን ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በስኳር ሕመም ነው።

ያ መጠቋቆም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ዛሬ በወታደሮች መካከል ስላለው የኤችአይቪ ስርጭት የሚወጡ ቁጥሮችን እንዴት ማንበብ እንዳለብን ላስረዳ። ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ያስደነግጣሉ። ግን እያንዳንዱ ቁጥር የተወሰደው የሆነ በር ላይ ቆሞ ነው። በሩን ሳናውቅ ቁጥሩን ከያዝን የማይሆን ነገር እናወራለን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ጣራ ላይ ያለ ሮቶ አስቡ። በላይ ውኃ ይገባል፣ በታች ይወጣል። አሁን ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር አለ? ይህ አንድ ጥያቄ ነው። በቀን ስንት ሊትር ይገባል? ይህ ደግሞ ሌላ ነው። «ከመቶ ሰው ይህን ያህሉ ቫይረሱ በደሙ አለ» ሲባል የምንሰማው የመጀመሪያውን መልስ ነው። ስርጭት የምንለው እሱን ነው። «በዚህ ዓመት ከሺህ ሰው ይህን ያህሉ አዲስ ተያዘ» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሮቶው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ የሚገባው ግን ጠብታ። ወይም ውኃው ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም በታች እየፈሰሰ ነው። በበሽታው ቋንቋ «በታች መፍሰስ» ማለት ሞት ነው። በሠራዊት ውስጥ ደግሞ ታምሞ መሰናበትም እዚያው ይቆጠራል።

አሁን ወደ በሮቹ እንምጣ። አንደኛው የምልመላ በር ነው። ወጣቱ ገና ሊቀጠር ሲመጣ ደሙ ይመረመራል። ሁለተኛው የካምፕ በር ነው። አገልግሎት ላይ ያለው ወታደር ይመረመራል። እነዚህን ሁለት በሮች ማደባለቅ ነው ትልቁ ስህተት።

ከኛው አገር እንጀምር። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነበርን። በ1999 እና በ2000 ለሠራዊቱ የተመለመሉ 72,000 ወንዶች የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገላቸው። ውጤቱ በ2003 «ኤድስ» (AIDS) በተባለ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከከተማ ከመጡት መካከል 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት መካከል 3.8 በመቶ ቫይረሱ ተገኘባቸው። 72,000 ሰው በጣም ብዙ ነው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ወንዶችን በዚህ ስፋት የመረመረ ጥናት ማግኘት ቀላል አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚህ ልጆች ገና ወታደር አልሆኑም። ካምፕ አላደሩም። ጠረፍ አልተመደቡም። ደመወዝ አልተቀበሉም። ቫይረሱ ከያዛቸው የያዛቸው በየሰፈራቸው ነው። ስለዚህ 7.2 እና 3.8 የሚሉት ቁጥሮች ስለ ሠራዊቱ የሚናገሩት ነገር የለም። የሚናገሩት ስለ እኛ ነው፤ ስለ ቤታችን፣ ስለ መንደራችን፣ ስለ ትምህርት ቤታችን። «ወታደር ነው ያመጣው» ሲባል ባደግኩበት አገር፣ ወታደር ሊሆን የመጣው ልጅ ቫይረሱን ከሲቪሉ ኑሮ ይዞ ደጅ ላይ ቆሟል። ቀድሞውንም ቢሆን፣ በአገራችን የቫይረሱ ምልክት የተገኘው በ1984 ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። የደርግ ሠራዊት የተበተነው በ1991 ነው። ከዘመን ቅደም ተከተሉ ጋር እንኳን ወሬው አይገጥምም።

ምልምሎቹን መመርመሩ ለምን ያን ያህል ጠቀመ? ከዚያ በፊት ስለ አገሪቱ ስርጭት የምናውቀው በዋናነት ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ከሚመጡ እናቶች ደም ነበር። ጤና ጣቢያዎቹ ደግሞ የሚበዙት ከተማ ነው። ወንዱም ገጠሩም ጨለማ ውስጥ ነበሩ። የምልመላው ምርመራ በሁለቱም ላይ መብራት አበራ። ከተማ ከገጠር እጥፍ ገደማ መሆኑም በወንዶች ላይ በግልጽ ታየ። ይህ የሆነው ከተሜው ባለጌ፣ ገበሬው ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ከተማ ላይ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ድር ወፍራም ነው። ቫይረሱ የሚጓዘው በዚያ ድር ላይ ነው።

አንድ የማይመች ጥያቄ ግን አለ። በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ደም ተወስዶ ተመረመረ። አገር አቀፍ ስርጭቱ 1.4 በመቶ ሆነ። ከተማ 5.5፣ ገጠር 0.7። ታዲያ የገጠሩ ምልምል እንዴት 3.8 ሆነ? አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው?

እኔ እንደዚያ አላየውም። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎችን ነው የመረመሩት። ቤት ለቤት የሚሄድ ጥናት ቤት ያለውን ያገኛል። ካምፕ ውስጥ ያለው ወታደር፣ እስር ቤት ያለው፣ ጎዳና ላይ ያለው መዝገቡ ውስጥ የለም። ደም አልሰጥም የሚልም አለ። ምልመላ ጣቢያ የሚመጣው ደግሞ የገጠሩን ሕዝብ በሙሉ አይወክልም። ሽማግሌው የለም፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የለችም። ያለው ለመሄድ የተነሳ ወጣት ወንድ ነው። መሬት ያለው፣ ሚስትና ከብት ያለው ገበሬ ቶሎ አይነሳም። የሚነሳው፣ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ጊዜ መሬት ያልደረሰው፣ ከዚህ በፊትም ለቀን ሥራ ከተማ ወጣ ገባ ሲል የኖረ ልጅ ነው። መዝገቡ ላይ «ገጠር» ተብሎ ይጻፋል። ኑሮው ግን በመንገድ ላይ ነበር። አንድ ቁጥር ስናነብ ማን እንደተመረመረ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን አሜሪካንን እንይ፤ የምልመላውን በር ከማንም አስቀድሞ በሰፊው የከፈተችው እሷ ናትና። ከጥቅምት 1985 ጀምሮ ለውትድርና የሚያመለክት ሁሉ እንዲመረመር ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 306,061 ሰው ተመረመረ። ቫይረሱ የተገኘው በ460ዎቹ ላይ ነው። ከሺህ 1.5 መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ሥርዓት አለው። ዕድሜ ሲጨምር ይጨምራል። ሕዝብ በተጨናነቀበት ከተማ ይበዛል። ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ በብዙ ይበልጣል። በወንዶች ከሺህ 1.65፣ በሴቶች 0.61 ነው።

የዘሩን ነገር ብዙ ሰው አጣሞ ያነበዋል። ቫይረሱ የቆዳ ቀለም አያይም። ሰው የፍቅር ጓደኛውን የሚመርጠው ከሚኖርበት፣ ከሚያውቀው ክበብ ውስጥ ነው። በዚያ ክበብ ቫይረሱ አስቀድሞ ከገባ፣ ምርመራና ሕክምናም ራቅ ካለ፣ አንድ ሰው እንደ ጎረቤቱ ተጠንቅቆ እየኖረ እንኳን የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የምርመራ ቅጹ ላይ የሚመደቡት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ነው፤ ከየት እንደመጡና እንዴት እንደኖሩ ግን ቅጹ አይነግረንም።

የጾታው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከ1985 እስከ 1989 ከተመረመሩት አሜሪካውያን መካከል ከ20 ዓመት በታች የሆኑት ብቻ ተለይተው ታዩ። ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በወንዶቹ ከሺህ 0.35፣ በሴቶቹ 0.32። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! የወንድና የሴት ልዩነት የሚከፈተው ዕድሜ ሲገፋ ነው። ምክንያቱም በአሜሪካ አብዛኛው መተላለፍ በወንድና በወንድ መካከል ባለ ግንኙነት ነው፤ ጊዜ ሲሄድ የወንዶቹ ቁጥር ይወጣል። በኛ አገር መተላለፉ በዋናነት በወንድና በሴት መካከል ነው። በ2005ቱ ጥናት ሴቶች 1.9፣ ወንዶች 0.9 በመቶ ነበሩ። አንድ ዓይነት ቫይረስ፣ የተገለበጠ መልክ። በኢትዮጵያ ወንድ ምልምሎችን ብቻ ቆጥረን ብንቀመጥ ሸክሙ የበዛባትን ሴት ጭራሽ አናያትም ነበር።

«እንዴት ተያዝክ?» የሚለው ጥያቄ መልስም ሁሌ አይታመንም። በ1987 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሠሩ የጤና ባለሙያዎች ይህን በጽሑፍ አሳይተዋል። ወታደሮች ለሠራዊቱ ሐኪም ከሴት ጋር ተገናኝተው እንደተያዙ ይናገራሉ። ሲቪል ባለሙያ፣ ሚስጥር ጠብቆ ሲጠይቃቸው አንዳንዶቹ ሌላ ታሪክ አወጡ። በዚያን ጊዜ ከወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው የተናገረ ወታደር ከሥራው ይባረራል። ሰው እንጀራውን ላለማጣት ቢዋሽ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ግን ውሸቱ ቁጥር ውስጥ ገብቶ እውነት መስሎ ይቀመጣል። የማንኛውም አገር ሠራዊት «ወታደሮቻችን እንዴት ተያዙ» ብሎ የሚያወጣውን ሠንጠረዥ ሳይ፣ መጀመሪያ የማስበው እውነቱን የተናገረው ሰው ምን ይደርስበት ነበር የሚለውን ነው።

ታይላንድ ደግሞ ለየት ያለ በር አላት። ወንድ ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው የምልመላ ዕጣ ይወጣለታል። ቀይ ካርድ ካወጣ ይዘምታል። ጥቁር ካወጣ ቤቱ ይገባል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በዕጣ የተመረጠ ሰው የእኩዮቹን መልክ ይዞ ይመጣል። ፈቅዶ የመጣ ብቻ ቢሆን የሚያሳየን የፈቃደኞችን መልክ ነበር። እርግጥ የተማሩት የሚቀሩበት መንገድ ስላለ ፍጹም አይደለም፤ ግን ለእውነቱ በጣም ይቀርባል።

በሰሜን ታይላንድ በ1991 እና በ1993 ከገቡት ምልምሎች ከመቶ ከ10 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ነበረባቸው። ዕድሜያቸው 21 ነው! በ1995 የገቡት ላይ ወደ 6.7 በመቶ ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ምን ተፈጠረ? ልጆቹን ጠይቀዋቸዋል። በ1991 የወሲብ ንግድ ቤት ሄደው የሚያውቁት 81 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ1995 ወደ 64 ወረዱ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄዱ ኮንዶም የተጠቀሙት ደግሞ ከ61 በመቶ ከ90 በላይ ሆኑ። በ1991 መንግሥት በአገሪቱ ባሉ የወሲብ ንግድ ቤቶች ሁሉ ኮንዶም ያለ ልዩነት እንዲሠራበት አዘዘ። ቤቱ ካልታዘዘ ይዘጋል። ሴቶቹ ብቻቸውን «አይሆንም» ብለው ከሚታገሉ፣ ደንቡ አብሯቸው ቆመ። ለውጡ መምጣቱ የታወቀው በምልምሎቹ ደም ነው። ወታደሮቹ የሕዝቡ መስታወት ሆኑ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በምልመላው በር ነው። በካምፑ በርስ?

ካምፕ ውስጥ ያለው ወታደር ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይጎትቱታል። በአንድ በኩል ሠራዊቱ ሲቀጥር ቫይረሱ ያለበትን ከመለሰ፣ የቀሩት ከሕዝቡ አማካይ ዝቅ ያለ ስርጭት ይዘው ይጀምራሉ። በሌላ በኩል አገልግሎቱ ራሱ ያጋልጣል። ወጣት ነው። ከቤተሰቡ ተነጥሎ ሩቅ ተመድቧል። ድሃ በሆነች የጠረፍ ከተማ ውስጥ ወር በገባ ቁጥር ጥሬ ገንዘብ የሚቆጥረው እሱ ነው። መጠጥ ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ስለዚህ በካምፕ ውስጥ ስርጭት ብዙ ጊዜ ከዕድሜና ከአገልግሎት ዘመን ጋር አብሮ ይወጣል። አዲሱ ምልምል ላይ ዝቅ ይላል። አሥር ዓመት ያገለገለው ላይ ከፍ ይላል። ግን ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሲቪሉም በሠላሳ አምስት ዓመቱ ከሃያ ዓመቱ የበለጠ ተይዟል። ወታደርን ከሲቪል ጋር ማወዳደር የሚቻለው ዕድሜና ጾታ ሲመሳሰል ነው። ሃያ አምስት ዓመት ወንድን ከመላው ሕዝብ፣ ከሕፃንና ከአሮጊት ጋር አወዳድሮ «ወታደሩ ባሰበት» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

በመጠጥ ቤቷ ስለምትሠራው ልጅም አንድ ነገር ልበል። የወታደር ወሬ ሲያልቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷ ነው። እሷን የያዛት ሰው አለ። እሷም ወደዚያ ከተማ የመጣችው ደመወዝ ያለው ሰው እዚያ ስላለ ነው። ቁጥሯ ከፍ ማለቱ ምን ያህል ሰው ሳይጠነቀቅ ወደ እሷ እንደሄደ ነው የሚያሳየው።

የካምፑ በር በጣም የታወቀ ታሪክ ያለው በኡጋንዳ ነው። በ1986 ሙሴቬኒ ሥልጣን በያዙበት ዓመት ለገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ሐራሬ ሄዱ። ፊደል ካስትሮ ነጠል አድርገው አናገሯቸው። ለሥልጠና ኩባ ከላካችኋቸው 60 ወታደሮች 18ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል አሏቸው። ሙሴቬኒ ይህን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። የኡጋንዳ መንግሥት ስለ በሽታው በአደባባይ መናገር የጀመረበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ድንጋጤው ሕይወት አድኗል። ቢሆንም 60 ሰው 60 ሰው ነው። ከዚያ ተነስቶ «የኡጋንዳ ሠራዊት 30 በመቶው ተይዟል» ማለት አይቻልም።

እንዲህ ዓይነት ዝላይ ግን በትላልቅ መድረኮችም ተደርጓል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም አንድ ግምት አወጣ። በሰላም ጊዜ የወታደሮች የአባላዘር በሽታ መጠን ከሲቪሉ ከ2 እስከ 5 እጥፍ ነው፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ከዚያ እጅግ ሊበልጥ ይችላል የሚል። የተነገረው ስለ አባላዘር በሽታ በጥቅሉ ነበር። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «የአፍሪካ ወታደር በኤችአይቪ ከሲቪሉ አምስት እጥፍ ተይዟል» ሆኖ አረፈው። በጥር 2000 የፀጥታው ምክር ቤት ስለ ኤድስ ተሰበሰበ። በሐምሌ ደግሞ ቁጥር 1308 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። ሰላም አስከባሪዎች ትምህርትና ምርመራ እንዲያገኙ መጠየቁ ጥሩ ነበር። የአፍሪካ ሠራዊቶች በኤድስ ሊፈርሱ ነው የሚለው ፍርሃት ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

በ2006 ሦስት ሰዎች ይህን ፍርሃት በረጋ መንፈስ የመረመረ ጽሑፍ አወጡ። አንዱ የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ፃድቃን ገብረተንሳይ ናቸው። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ሠራዊት ከኅብረተሰቡ የከፋ ስርጭት አለው ብሎ መነሳት አይቻልም። ምልምሉ ብዙ ጊዜ ወጣትና የገጠር ልጅ ነው። ሠራዊቱ መመርመር፣ ማስተማርና መከላከል የሚችል ተቋም ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሠራዊት አደጋ ያለበት ቦታ ነው፤ ግን ከማንኛውም መሥሪያ ቤት በተሻለ ሰውን በየጊዜው መርምሮ ማከም የሚችል ቦታም ነው። የአሜሪካ ወታደር በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። መቼ ነፃ እንደነበረና መቼ እንደተያዘ ስለሚታወቅ ወደ ሮቶው በየዓመቱ ስንት እንደሚገባ ይቆጠራል። በሲቪሉ ዓለም ይህን ማድረግ በጣም ይከብዳል።

ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት ከመጣ በኋላ ቁጥሮቹ ሌላ ትርጉም ያዙ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ስለዚህ ስርጭቱ ቶሎ አይወርድም፣ እንዲያውም ሊወጣ ይችላል። ይህ የምሥራች ነው። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ከሆነ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። በ2008 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ ሠራዊት ቫይረሱ ያለበትን ሰው በጅምላ አልቀጥርም፣ ግዳጅ አልልክም ማለቱን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። በ2022 በአሜሪካም አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቫይረስ መጠናቸው የማይታይ ወታደሮችን በኤችአይቪ ምክንያት ብቻ ማሰናበትን ከለከለ።

ወደ 72,000ዎቹ ልመለስ። 3.8 በመቶውን ብቻ ብንይዝ እንኳ ቫይረሱ የተገኘባቸው ልጆች ከ2,700 ይበልጣሉ። በምልመላ ጣቢያ በራፍ ላይ ተሰልፈው የነበሩ ወጣቶች። በዚያን ጊዜ በአገራችን የሚሰጣቸው መድኃኒት አልነበረም። ያለ መድኃኒት አንድ ሰው ከተያዘ በኋላ በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ነው የሚኖረው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 2005 ነው። በ1999 ሃያ ዓመቱ የነበረው ልጅ እስከዚያች ቀን ከቆየ ሃያ አምስት ደፍኗል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ አውጥቶ መድኃኒቱን ከጀመረ፣ ዛሬ ከአርባ አምስት ያለፈ ጎልማሳ ሆኖ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል።